አማተር የጎልፍ ተጫዋች ውጤቱን የሚያሻሽልበት መንገድ

ጎልፍ ተጫዋቹ ከመነሻ ስፍራው (ቲ) አንሥቶ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ በአጭር ሣር መካከል ወደሚገኝ ጉድጓድ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ለማስገባት የሚጥርበት ስፖርት ነው። አንድ ሙሉ ዙር 18 ጉድጓዶችን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ 9 ጉድጓድ ብቻ ባላቸው ሜዳዎች ዙሩ ሁለት ጊዜ በመደገም ይሟላል። ተጫዋቹ ከ14 የማይበልጡ ዱላዎችን ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ኳሱ ደግሞ ከ42.67 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዲያሜትር አለው። አሸናፊው የሚለየው በመጨረሻ በተቆጠረው የምት ብዛት እንጂ በምቱ ውበት ወይም ርዝመት አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ጨዋታውን ለጤና፣ ለመዝናናትና ለውድድር ፍቅር ሲሉ ለሚጫወቱ፣ መሠረታዊውን ነገር ተምረው ነገር ግን ውጤታቸው ለወራት ወይም ለዓመታት ባለበት ለቆመባቸው አማተር ተጫዋቾች ነው። ብዙዎቹ መፍትሔውን አዲስ ዱላ በመግዛት ወይም ኳሱን አርቆ በመምታት ይፈልጉታል። ከዚያ በፊት ግን ምቶቹ የት እንደሚባክኑ ማወቅ ይገባል።

ውጤትን በአግባቡ መመዝገብ

የውጤት ካርድ የሚያሳየው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ስንት ምት እንደተመታ ብቻ ነው። በአንድ ጉድጓድ 7 ምት የመታ ሰው ያ ውጤት የመጣው ከመጀመሪያው ምት ይሁን፣ ከአሸዋው ወይም ከጉድጓዱ አጠገብ በሦስት ምት ከመጨረሱ ካርዱ አይነግረውም። ስለሆነም ለአምስት ያህል ተከታታይ ዙሮች በካርዱ ጠርዝ ላይ አራት ነገሮችን መመዝገብ ይመከራል፦ የቅጣት ምቶችን፣ ኳሱ ሳይነሣ መሬት ለመሬት የሄደባቸውን ወይም ዱላው ከኳሱ በፊት አፈር የመታባቸውን ምቶች፣ ከ50 ሜትር ወዲህ ሆኖ ኳሱን ግሪኑ ላይ ለማሳረፍ የፈጁ ምቶችን፣ እንዲሁም በግሪኑ ላይ በፓተር የተመቱትን። አምስት ዙር ሲጠናቀቅ ተጫዋቹ ደካማ ጎኑ እንደሆነ ሲያምነው የኖረውና መዝገቡ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ አይገናኙም።

ምዝገባው ዋጋ የሚኖረው እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። በጓደኛሞች ጨዋታ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር የቀረን ኳስ «ገብቷል» ብሎ ማንሣት የተለመደ ነው። ለወዳጅነት አይከፋም፤ ነገር ግን እንዲህ ተቆጥሮ የተገኘ ውጤት ለሥልጠና መነሻ ሊሆን አይችልም። አማተሮች ብዙ ምት ከሚያጡባቸው ርቀቶች አንዱ ይህ አንድ ሜትር ነውና።

ከጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የሃንዲካፕ ሥርዓትም በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነው። ሃንዲካፕ የተለያየ ችሎታ ያላቸው ሰዎች በእኩልነት እንዲወዳደሩ የሚያስችል ቁጥር ሲሆን፣ የሚሰላውም ተጫዋቹ በቅርቡ ካስመዘገባቸው 20 ውጤቶች መካከል የተሻሉት 8 ተወስደው አማካያቸው በመውጣት ነው። የየሜዳው ክብደትም በስሌቱ ይታሰባል። ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማግኘት በድምሩ የ54 ጉድጓዶች ውጤት የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ከፍተኛው ወሰን 54.0 ነው። የተሻሉት 8 ብቻ ስለሚወሰዱ፣ ሃንዲካፕ ተጫዋቹ በደህና ቀኑ ሊያስመዘግብ የሚችለውን እንጂ የዘወትር አማካዩን አያሳይም። በአብዛኛው ዙር ከሃንዲካፑ በላይ መምታት ስለዚህ የሚጠበቅ ነው፤ ተስፋ ሊያስቆርጥም አይገባም።

ምቶቹ በእርግጥ የሚጠፉት የት ነው?

በጎልፍ አስተማሪዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው «ልዩነቱ ያለው ግሪኑ ላይ ነው» የሚለው ነበር። በእርግጥም ፓር 72 በሆነ ሜዳ ለእያንዳንዱ ግሪን ሁለት የፓተር ምት ስለሚታሰብ ከ72ቱ 36ቱ በፓተር የሚመቱ ናቸው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ ግን በርካታ የባለሙያዎችንና የአማተሮችን ምቶች አንድ በአንድ በመተንተን በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የተለየ ሥዕል አቅርበዋል። በእርሳቸው ስሌት፣ በተለያየ ደረጃ ባሉ ተጫዋቾች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው ከ100 ያርድ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ ውጪ ከሚመቱ ምቶች ነው። ቀሪው አንድ ሦስተኛ በአጭር ርቀት ምቶችና በፓተር መካከል ይከፈላል።

ይህን ግኝት ድራይቨርን በኃይል መምታት ብቻ ይበጃል ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። ለአማተር የረጅም ርቀት ጨዋታ ትልቁ ኪሳራ የርዝመት ማነስ ሳይሆን የተበላሸው ምት ነው፤ ከሜዳው ወሰን የወጣ ኳስ፣ ውሃ የገባ ኳስ፣ 20 ሜትር ተንከባሎ የቆመ ኳስ። ከወሰን ውጪ የወጣ ኳስ በአንድ የቅጣት ምት ከቀድሞው ቦታ እንደገና ስለሚመታ፣ ተጫዋቹ ከመነሻው ሳይርቅ ሦስተኛ ምቱ ላይ ይደርሳል። በግሪን ላይ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን በቀላሉ አይመልሰውም።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በ360 ሜትር ፓር 4 ጉድጓድ የመጀመሪያው ምት ከዛፎች መካከል ገብቷል እንበል። አንደኛው ተጫዋች በሁለት ግንዶች መካከል ባለች ቀዳዳ ወደ ግሪኑ ይመታል፤ ኳሱ ግንድ መትቶ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ወደ ሜዳው ያወጣዋል፤ በአራተኛው ግሪኑ አጠገብ፣ በአምስተኛው ግሪኑ ላይ ይደርሳል፤ በሁለት ፓት ጨርሶ 7 ይጽፋል። ሁለተኛው ግን በሁለተኛው ምቱ ኳሱን ወደ ጎን አውጥቶ ፌርዌይ ላይ ያስቀምጣል፤ በሦስተኛው ግሪኑ አጠገብ፣ በአራተኛው ግሪኑ ላይ ደርሶ በ6 ይጨርሳል፤ ቀን ከቀናው ደግሞ በ5። የሁለቱ ችሎታ አንድ ነው፤ የለያያቸው ውሳኔ ነው። በዙር ውስጥ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሦስት አራት ጊዜ ስለሚመጣ፣ ምንም ተጨማሪ ልምምድ ሳይደረግ ውጤትን ማሻሻል ይቻላል ማለት ነው። ዒላማ ሲመረጥም ባንዲራውን ሁልጊዜ ከመከተል ይልቅ የግሪኑን መካከል ማለም ለአብዛኛው አማተር የተሻለ ነው፤ ባንዲራው ብዙ ጊዜ የሚተከለው ለአሸዋ ወይም ለውሃ ቀርቦ ነውና።

የአያያዝ፣ የአቋቋምና የምት መሠረቶች

የዱላው እጀታ ከመዳፍ ይልቅ በጣቶች ላይ ማረፍ አለበት። በመዳፍ ሲጨበጥ የእጅ አንጓ እንደልብ አይታጠፍም። ጭብጡ ዱላው እንዳያመልጥ የሚበቃ ብቻ ይሁን፤ ክንድ ላይ ውጥረት ከተሰማ በዝቷል ማለት ነው። በአቋቋም ረገድ ለድራይቨር ኳሱ ከፊተኛው ተረከዝ ትይዩ፣ ለመካከለኛ አይረኖች ደግሞ ወደ ሁለቱ እግሮች መካከል ቀረብ ብሎ ይቀመጣል። እግር፣ ዳሌና ትከሻ ከኳሱ ወደ ዒላማው ከሚሄደው መስመር ጋር ትይዩ መሆናቸውን ለማረጋገጥ በልምምድ ጊዜ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችን መሬት ላይ ማጋደም ይጠቅማል። አንዱ ኳሱን ወደ ዒላማው ያመለክታል፤ ሌላው ከእግር ጣቶች ፊት ይቀመጣል። ተጫዋቾች «ስዊንጌ ተበላሸ» የሚሉት ብዙው ነገር የአቋቋም መዛባት ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የበለጠ መታረም ያለበት የተሳሳተ ግንዛቤ ኳሱን «ለማንሣት» መሞከር ነው። የዱላው ፊት ያዘነበለ ስለሆነ ኳሱን የሚያነሣው ራሱ ነው። ተጫዋቹ ሊያግዘው ብሎ ክብደቱን ወደኋላ ሲጥል ዱላው አንድም ከኳሱ በፊት አፈር ይመታል፣ አንድም የኳሱን አናት ይጭራል። በአይረን የተመታ ጥሩ ምት በቅድሚያ ኳሱን፣ ቀጥሎ ከኳሱ ፊት ያለውን ሣር ይነካል። የተገሸለጠው ሣር ኳሱ ከነበረበት ቦታ በስተፊት ከተገኘ ምቱ ትክክል ነበር።

ሌላው የተለመደ ችግር በቀኝ እጅ የሚጫወት ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ነው፤ በተጫዋቾች ቋንቋ «ስላይስ» ይባላል። ኳሱ በአብዛኛው የሚጀምረው የዱላው ፊት ወደሚያይበት አቅጣጫ ሲሆን፣ የሚታጠፈው የዱላው ፊትና ዱላው የሚጓዝበት መስመር ሲለያዩ ነው። ስላይስ የሚመታ ሰው ኳሱን ለመመለስ ብሎ ይበልጥ ወደ ግራ ዞሮ ሲቆም የዱላው ጉዞ ከውጭ ወደ ውስጥ የባሰ ስለሚያቋርጥ መታጠፉ ይጨምራል። መጀመሪያ መመርመር ያለበት አያያዙ ነው፤ ሁለቱን እጆች በእጀታው ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ማዞር የዱላውን ፊት በጊዜ እንዲዘጋ ያግዛል። ይህን ካደረገ በኋላም ካልተስተካከለለት ከሠልጣኝ መምህር አንድ ሰዓት መማር፣ ለብቻ ከሚደረግ የወር ሙከራ ይሻላል።

በግሪኑ ዙሪያና በግሪኑ ላይ

ግሪን አጠገብ ያለ ኳስ ሲመታ የመጀመሪያው ጥያቄ «መሬት ለመሬት ሊሄድ ይችላል?» የሚል መሆን አለበት። መንገዱ ክፍት ከሆነ አጭር በረራና ረጅም መንከባለል ያለው ምት ከከፍተኛው ምት ይልቅ ስሕተትን ይሸከማል። ከአሸዋ ሲወጣ ደግሞ ዱላው ኳሱን ሳይሆን ከኳሱ በስተኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ አሸዋውን ይመታል፤ ኳሱን ተሸክሞ የሚያወጣው አሸዋው ነው። እዚህ ላይ አማተሮች የሚሳሳቱት በመፍራት ስዊንጉን መሀል ላይ በማቆማቸው ነው። ከምቱ በፊት አሸዋውን በዱላ መንካት ቅጣት እንደሚያስከትልም መዘንጋት የለበትም።

በፓተር ረገድ ከአቅጣጫ ይልቅ የርቀት ልክ ይቀድማል። በአሜሪካ ትልቁ የባለሙያዎች ውድድር የሚሳተፉ ተጫዋቾች እንኳ ከ2.4 ሜትር የሚያስገቡት ግማሹን ያህል ብቻ ነው፤ ከ6 ሜትር ሲሆን ደግሞ ከመቶ 15 ገደማ። ይህን ያወቀ አማተር ከ6 ሜትር ሳያስገባ ቢቀር አይበሳጭም፤ ዓላማው ሁለተኛው ምት ከአንድ ሜትር በታች እንዲሆን ነውና። ስለዚህ የልምምዱን ግማሽ ከ8 እስከ 12 ሜትር በሚደረግ የርቀት ልኬት፣ ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ከአንድ ሜትር ደጋግሞ በማስገባት ማሳለፍ ተገቢ ነው። በመካከል ያለው ርቀት ራሱን ያስተካክላል።

በአነስተኛ ወጪ መለማመድ

የጎልፍ ዕቃ ውድ ነው፤ ሙሉ የዱላ ስብስብ አለመኖር ግን ለመሻሻል እንቅፋት አይሆንም። አምስት ዋና ዋና ውድድሮችን ያሸነፈው ስፔናዊው ሴቬ ባሌስቴሮስ በልጅነቱ በትውልድ መንደሩ በፔድሬኛ የባሕር ዳርቻ የተለማመደው በአንድ ሦስት ቁጥር አይረን እንደነበር ይታወቃል። በአንድ ዱላ ረጅም፣ አጭር፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ምት ለመምታት የተገደደ ሰው የዱላውን ፊት በእጁ መቆጣጠርን ይማራል። ለጀማሪ አንድ ድራይቨር ወይም ፌርዌይ ዱላ፣ ሦስት ወይም አራት አይረኖች፣ አንድ የአሸዋ ዌጅና አንድ ፓተር ይበቃሉ።

በልምምድ ሜዳ 50 ኳስ በአንድ ዱላ ወደ አንድ አቅጣጫ መምታት ደስ ያሰኛል፤ አሥረኛው ምት ላይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። በጨዋታ ላይ ግን ተመሳሳይ ምት ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይመታም። ስለዚህ አዲስ ነገር የሚማር ሰው በመጀመሪያ ጥቂት ኳሶችን በድግግሞሽ መትቶ፣ ከዚያ በኋላ በየምቱ ዱላና ዒላማ እየቀያየረ፣ ከእያንዳንዱም በፊት እንደ ጨዋታ ሁሉ ከኋላ ቆሞ እያለመ ቢለማመድ ልምዱ ወደ ሜዳ ይከተለዋል። ፓተር በቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይም ይሠራል።

ከፍታ በኳሱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየሩ ኳሱን የሚይዝበት ኃይል ስለሚቀንስ ምቱ እንደ ፍጥነቱና እንደ አነሣሡ ከ8 እስከ 12 በመቶ ገደማ ሊረዝም ይችላል። በባሕር ጠለል ከፍታ 140 ሜትር የሚሄድ ምት በደጋው ከ150 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ይህም የአንድ ዱላ ልዩነት ነው። በሌላ በኩል ኳሱን ወደ ላይ የሚደግፈውና ወደ ጎን የሚያጥፈው ኃይልም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይበርራል፤ ስላይሱም ጥቂት ይቀንሳል፤ ሲያርፍ ግን ብዙ ይንከባለላል።

ይህን ማወቅ በተለይ የሚጠቅመው ተጫዋቹ ከደጋ ወደ ቆላ ሲጓዝ ነው። በአዲስ አበባ የተለማመደ ሰው ዱባይ ወይም ሞምባሳ ሄዶ ሲጫወት ኳሶቹ ሁሉ ከግሪኑ በፊት ሲያርፉ፣ ያልተበላሸውን ስዊንግ ለማረም ይጀምራል። ማድረግ ያለበት ግን አንድ ደረጃ ረዘም የሚያስኬድ ዱላ መውሰድ ብቻ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ለእረፍት መጥተው በደጋ ሲጫወቱ ደግሞ ተቃራኒውን ያስተውላሉ።

ምት የሚያተርፉ ደንቦች

በ2019 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የጨዋታ ደንብ ለአማተሩ ብዙ ነገር አቅልሏል። የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ለ3 ደቂቃ ብቻ ነው። ኳሱ ከወሰን መውጣቱ ወይም መጥፋቱ ከተጠረጠረ ተጫዋቹ ወደፊት ከመሄዱ በፊት «ጊዜያዊ ኳስ» መሆኑን አስታውቆ ሌላ መምታት ይችላል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ተመልሶ ለመምታት ይገደዳል፣ ከኋላ ያሉትንም ያስጠብቃል። ኳስ በነፃ ወይም በቅጣት ሲጣል ከጉልበት ከፍታ ነው። መጫወት በማይቻልበት ስፍራ የወደቀ ኳስ በአንድ የቅጣት ምት ከሁለት የዱላ ርዝመት ባልበለጠ ርቀት፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይቀርብ መጣል ይችላል፤ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከመጨፍጨፍ ይህ ይሻላል።

በክረምት ወራት ተጫዋቾች ሳያውቁ የሚያልፏቸው ሁለት መብቶች አሉ። በዝናብ ምክንያት በሜዳው ላይ በተጠራቀመ ጊዜያዊ ውሃ ውስጥ ያረፈ ኳስ፣ ወይም ተጫዋቹ ራሱ በውሃው ውስጥ ለመቆም የሚገደድበት ኳስ፣ ያለ ቅጣት ከውሃው ሙሉ በሙሉ ነፃ ወደሆነው ቅርብ ቦታ ይዛወራል። በራሱ ምት ኃይል በጭቃ ውስጥ የተቀበረ ኳስም በሜዳው አጠቃላይ ክፍል ያለ ቅጣት ይነሣል፤ ተጠርጎም ይጣላል። ኳሱ በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ ግን ስለ ተቀበረ ብቻ ያለ ቅጣት አይነሣም።

ጤናና ደኅንነት

ስዊንግ ወገብን በፍጥነት የሚያዞር እንቅስቃሴ ስለሆነ ከመጀመሪያው ምት በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል መንቀሳቀስ፣ ትከሻንና ዳሌን ማፍታታትና ከአጭር ዱላ ጀምሮ ቀስ በቀስ መምታት ያስፈልጋል። በደጋ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ባርኔጣና በቂ የመጠጥ ውሃ አይዘንጋ። ከፊት ያሉት ተጫዋቾች ምቱ ከሚደርስበት ርቀት ሳይወጡ መምታት አይገባም፤ ኳሱ ወደ ሰው ካመራ ወዲያውኑ «ፎር!» ተብሎ በከፍተኛ ድምፅ ይጮኻል፣ የሰማውም ራሱን በክንዱ ሸፍኖ ጎንበስ ይላል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ከመብረቅ ነው። የጎልፍ ሜዳ ሰፊ ገላጣ ስፍራ ነው፤ ዛፎቹም ጥቂትና ረጃጅም ናቸው፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነጎድጓድ ደግሞ በደጋው የተለመደ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ጨዋታው ወዲያውኑ መቆም አለበት። ደንቡ መብረቅ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ተጫዋች የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ጨዋታውን እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል፤ በውድድር ላይም ቢሆን በዚህ አይቀጣም። ዱላዎችንና ጃንጥላን ጥሎ፣ ከዛፍ ሥርና ግድግዳ ከሌለው መጠለያ ርቆ ወደ ሕንፃ ወይም መስኮቱ ወደተዘጋ የብረት ጣሪያ ያለው መኪና መግባት ያስፈልጋል። የጎልፍ ሜዳ አነስተኛ ጋሪ ከመብረቅ አይከላከልም። ወደ ሜዳው የሚመለሱት የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው።